የጠመንጃ መነጽር

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ያለችው የሰዓትና የመነጽር መጠገኛ ክፍሌ መስኮት የላትም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ስለሆነ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ጥላውን ነው። ጥላው እጄ ላይ ሲያርፍ ሥራዬን አቆማለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፈተናው ካልሆነልኝ ወዲህ እዚያ እቀመጣለሁ። ብቸኝነት አይከብድህም ወይ ይሉኛል። አይከብደኝም፤ አይቀለኝምም። የተበተነ ሰዓት ፊቴ አድርጌ ስቀመጥ ቀኑ በራሱ ይመሻል።

በሰባ ሰባት፣ ግንቦት ላይ፣ አንድ ጠዋት ሁለት ጥላ አንድ ላይ ገባ። አንደኛው ሙሄዲን ነበር፤ የአጎቴ ልጅ፣ ከአሰብ ኮምቦልቻ የጭነት መኪና የሚነዳ።

"ዘይኑ፣ አለህ ወይስ ሞተሃል?" አለ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው።

"አለሁ።"

"ወላሂ አያስታውቅም። እስኪ ከሞትህም ተነሥና ለእኚህ ሰው በርጩማውን ስጥ።"

ከኋላው የቆሙት ሰው ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ቀጠን ያሉ፣ የዘበኛ ካፖርት የለበሱ ናቸው። ተቀመጡ እስክላቸው አልተቀመጡም።

"ጋሼ በላቸው ናቸው" አለኝ ሙሄዲን። "ኮምቦልቻ፣ እኔ ጭነት የማራግፍበት የጥጥ መጋዘን ዘበኛ። እኔ መኪናው ውስጥ ሳንኮራፋ ጎማዬን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው።"

ከኪሱ ካልሲ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠው። የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ነገር ዱብ አለች። ከፊቷ ጋደል ብሎ የቆመ ትንሽ መስታወት አላት፤ ከኋላዋ ደግሞ ከአተር የማትበልጥ አምፖል። መስታወቱ ከማቀፊያው ተላቆ ይንቀጫቀጫል።

"የጠመንጃ ማነጣጠሪያ ናት" አለ ሙሄዲን። "አሰብ ላይ ከአንድ መርከበኛ ገዛኋት። ለወፍ ጠመንጃ የተሠራች ርካሽ ነገር ናት። ርካሽ መሆኗን ግን ከገዛኋት በኋላ ነው የነገረኝ።"

ጋሼ በላቸው ፈገግ አሉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ዓይኔ ሩቁን ያያል። ጦሳ ተራራ ላይ ፍየል ብትቆም ወንድ ትሁን ሴት እነግርሃለሁ። ቅርቡን ነው የከለከለኝ። ጠመንጃዬን ሳነሣ የኋላውም የፊቱም ማነጣጠሪያ ጉም ይለብስብኛል። እሱን ላጥራ ብዬ መነጽር ሳደርግ ደግሞ ዒላማው ይጠፋል።"

"መተኮስ ግድ ነው?"

"ዘበኞቹን ሊፈትኑን ነው። ከአምስት ጥይት ሦስቱን ያላገባ ይሰናበታል።" ቆባቸውን በጉልበታቸው ላይ አዞሩት። "ከተሰናበትሁ የመጋዘኑን ክፍል እለቃለሁ። መግቢያዬ ኩታበር ነው። ኩታበር ደግሞ መሬቱ ደርቆ ሰዉን ለሰፈራ እየመዘገቡት ነው። ለእኔ ግድ የለኝም፤ የትም ቢሆን አፈር አፈር ነው። ወርቅነሽ ግን፣ ባለቤቴ ናት፣ ደረቷን ታማለች። ያን መንገድ አትዘልቀውም።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። የሰዓት ማሰሪያ የሚያስቀይር ሰው እንኳ ከዚያ የበለጠ ይጨነቃል። እኔም የተሰማኝ ነገር ቢኖር ራቅ ብሎ ነው፤ ከጎረቤት ግድግዳ ኋላ እንደሚያወራ ሬዲዮ፣ መናገሩ እንጂ ምን እንደሚል የማይለይ።

"ትተውልኝ ይሂዱ" አልኋቸው።

አሠራሯን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። አምፖሏ ከኋላ ሆና ቀይ ብርሃን ወደ መስታወቱ ትልካለች፤ መስታወቱ ብርሃኑን ወደ ዓይን ይመልሰዋል። ተኳሹ በመስታወቱ አሻግሮ ሲያይ ቀይ ነጥብ ዒላማው ላይ ተቀምጣ ያገኛታል። ጠመንጃው ላይ ያለ ነገር ቢደበዝዝበት ምንም አይደል፤ ሩቁን ማየት ብቻ ይበቃዋል። የሠራት ሰው ባያውቃቸውም ለጋሼ በላቸው ዓይን የተሠራች ነበረች።

ችግሯ ሌላ ነው። ባትሪዋ እኛ አገር የማይገኝ ዓይነት ስለሆነ ከአምፖሏ ሁለት ቀጭን ሽቦ ስቤ ከእጅ ባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኘኋት። ስትበራ ነጥቧ ዒላማውን በሙሉ የምትሸፍን ወፍራም ሆነች። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ቆርጬ፣ ባለኝ ቀጭን መርፌ በስቼ፣ አምፖሏ ፊት ለጠፍሁት። ያኔ ነጥቧ ቀጠነች። መስታወቱ ግን አስቸገረኝ። በሙጫ ባጣብቀው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጋራዥ ያለው ጠንካራ ማጣበቂያ አልቋል፤ ከአሰብ እስኪመጣ ደግሞ ፈተናው ያልፋል። መጨረሻ ላይ ፖስታ ቤት ጥቅል የሚያሽጉበትን ቀይ ላክ አቅልጬ ዙሪያውን አፈሰስሁበት። በደሴ ብርድ ወዲያው ደረቀ፤ በጥፍሬ ብፍቀውም አልተነሣም። ቢሆንም ላክ ሙቀትም ምትም አይወድም። ለወፍ ጠመንጃ የተሠራን ነገር እንደ ጋሼ በላቸው ምንሽር ያለ የጦር ጠመንጃ ላይ መጫን በፍየል ገመድ በሬ እንደማሰር ነው።

ስጨርስ በሩ ላይ ቆሜ አሻግሬ አየሁ። ነጥቧን ጦሳ ጫፍ ላይ አስቀመጥኋት። ራሴን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ባዘነብል ከጦሳ አልወረደችም። ከጦሳ አንሥቼ የመስጊዱ ቆርቆሮ ላይ አሳረፍኋት፤ ከዚያ በርበሬ የምታሰጣ አንዲት ሴት ትከሻ ላይ። ሴቲቱ አላወቀችም። በርበሬዋን ታገላብጣለች፣ ነጥቧም አብራት ጎንበስ ቀና ትላለች። ብዙ ቆየሁ። ሰው በዚህ በኩል ሲታይ በጣም ቀላል ነው ብዬ አሰብሁ፤ ማሰቤም አላስደነገጠኝም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር ሬሳቸው ተዘርግቶ የምናያቸው ነበሩ፤ አንዳንዶቹን በስም እናውቃቸዋለን። ከዚያ ወዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር እያነሰ ሄዷል። አምፖሏን አጠፋሁና ወደ ውስጥ ገባሁ።

ከፈተናው በፊት ባለው ቀን በሙሄዲን መኪና ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አየሩ እየሞቀ ሄደ። ሙሄዲን ሹራቡን አውልቆ ጭኔ ላይ ጣለው።

"ደሴን ጋቢ ለብሰህ ትለቃታለህ፣ ኮምቦልቻ በካናቴራ ትገባለህ" አለ። "አንተ ግን ብርዱም ሙቀቱም አንድ ነው አይደል? የታደልህ።"

"ይሞቀኛል እኮ።"

"ሲሞቅህ እንደ ሰው ላብ አውጣ እንጂ።"

የጋሼ በላቸው ክፍል ከመጋዘኑ አጥር ጋር የተያያዘች ናት። ወይዘሮ ወርቅነሽ ቆሎ በሰሃን አቀረቡልንና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሲያስሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ካሳሉ በኋላ ደግሞ "ይቅርታ" ይላሉ፣ ሁልጊዜ፣ ማንም ባይሰማቸውም።

ምንሽሩ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። መነጽሯን በራዲያተር ጎማ ማጥበቂያ ቀለበት አፈሙዙ ላይ አሰርኋት፤ የባትሪውን ድንጋይ ደግሞ በጎማ ላስቲክ ሰደፉ ላይ ጠመጠምሁት። ለሙከራ የሚተኮስ ጥይት አልነበረም። ስለዚህ መቀርቀሪያውን አውጥተን ጠመንጃውን ሁለት የጥጥ እስር ላይ አስተኛነው። በአፈሙዙ ቀዳዳ ውስጥ አሻግሬ፣ ዒላማው ከሚቆምበት ርቀት ላይ ያለች የአጥር እንጨት መሐል እስክትገባልኝ አስተካከልሁ። ከዚያ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ ቀይዋን ነጥብ እዚያችው እንጨት ላይ አመጣኋት። ጋሼ በላቸው ተንበርክከው አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

"እንጨቷ ላይ ያለው ቋጠሮ እንኳ ይታየኛል" አሉ።

በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ ቆመው ነበር። ጢማቸው የሸበተ፣ ትከሻቸው የጎበጠ። "አያ ሰይድ" ብለው ጠሯቸው ጋሼ በላቸው፤ "ይግቡ፣ ይዩ።" አያ ሰይድ ዓይናቸውን አስጠግተው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ኋላ አሉ።

"ያ ረቢ። ይቺ ነገር ዒላማውን ነው የምታሳይ ወይስ ሸይጣኑን?"

"ሁለቱንም" አለ ሙሄዲን። "እርስዎ የትኛውን ይመታሉ?"

"እኔማ በዚህ ዓይኔ ኢማሙን እንዳልመታ ነው የምፈራ" አሉ አያ ሰይድ። ስቀው ወጡ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆም ብለው ጠመንጃውን ዘወር ብለው አዩት።

እኔ ጋሼ በላቸውን ለብቻቸው ገለል አደረግኋቸው።

"ጋሼ፣ ይስሙኝ። ነገ መጀመሪያ ይተኩሱ። ላኩ የእርስዎን አምስት ጥይት ይችላል። ጠመንጃው ከዚያ በላይ ከተራገጠ ግን ዋስ አልሆንም። ፀሐይም አያግኛት።"

"መጀመሪያ?"

"መጀመሪያ።"

"እሺ" አሉ። እሺታቸው ግን ዘገየ፤ ያኔ ስለ ጥይቱ የሚያስቡ መሰለኝ።

በማግስቱ ዘበኞቹን ቦርከና ወንዝ ዳር ሰበሰቧቸው። ጠመንጃዎቹ በተርታ መሬት ላይ እንዲቀመጡ ታዘዘ፣ ከዚያ አንድ ካድሬ ንግግር ጀመረ። ስለ ንቃት ተናገረ፣ ስለ ምርት ተናገረ፣ ጨረሰ ሲባል ስለ ንቃት እንደገና ተናገረ። ሙሄዲንና እኔ ከተመልካቹ ጋር ግራር ሥር ቆመናል። ጋሼ በላቸው ቆባቸውን አውልቀው መነጽሯን ሸፈኗት። በራ ጭንቅላታቸው ላይ ፀሐዩ ሲወርድ ይታየኛል፤ እሳቸው አልተነቃነቁም።

ፈታኙ መቶ አለቃ በተርታው ሲያልፍ ቆቡን በጫማው ጫፍ ገለጥ አደረገ።

"ይሄ ምንድነው?"

"መነጽሬ ነው ጓድ መቶ አለቃ።"

"መነጽር ዓይን ላይ ነው የሚደረገው።"

"የእኔ ዓይን ያለችው ጠመንጃው ላይ ሆነችብኝ፤ ምን ላድርግ።"

ዘበኞቹ ሳቁ። መቶ አለቃውም ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሽቦውን ነካ አደረገ፣ ትከሻውን ነቀነቀ። "መነጽር አልተከለከለም" አለ። "ማን ይጀምራል?"

ጋሼ በላቸው ጠመንጃቸውን አነሡ። ወደ እኔ አዩ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። ከዚያ ቆሙ። አጠገባቸው አያ ሰይድ ቆመዋል።

"አያ ሰይድ ይቅደሙ" አሉ።

"ኧረ በላቸው ሂድ፣ አንተ ጀምር" አሉ አያ ሰይድ።

"አይሆንም። ታላቄ ቆመው እኔ አልቀድምም።"

"ሰርግ አይደለም" አለ መቶ አለቃው። "ለእጅ መታጠቢያ ነው እንዴ የምትገባበዙት?"

"ልክ ነው ጓድ መቶ አለቃ። ግን ታላቄ ናቸው።"

አያ ሰይድ የራሳቸውን ጠመንጃ ይዘው ወጡ።  አነሡት፣ አወረዱት፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ እንደገና አነሡት። ጋሼ በላቸው ያን አዩ። ማንም ሳይጠይቃቸው ሄደው ባለ መነጽሩን ጠመንጃ ዘረጉላቸው፤ የአያ ሰይድን ተቀበሏቸው።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለ ሙሄዲን። "ዘይኑ፣ ሂድና ንገራቸው እንጂ።"

"ምን ብዬ?"

"ይብቃዎት ብለህ ንገራቸዋ።"

አልሄድሁም። እግሬ መሬት ላይ እንዳለ አውቃለሁ፣ ማንቀሳቀስም እችላለሁ፣ ግን እኔና እሳቸው መካከል ያለው ሜዳ የሌላ ሰው ሜዳ መሰለኝ። መቶ አለቃው ጠመንጃ መለዋወጣቸውን አይቶ እንዳላየ አለፈው። አያ ሰይድ በቀይዋ ነጥብ አምስቱን ተኮሱ፤ አራቱን አገቡ። ሲመለሱ ጋሼ በላቸውን ግንባራቸውን ሳሟቸው።

ቀጥሎ የወጡት ገብረ ማርያም የሚባሉ ዘበኛ ናቸው፤ ከሁሉም ትልቁ እሳቸው ነበሩ። ጋሼ በላቸው ፊት ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፣ ውኃ እንደሚጠይቅ ሰው። ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መከልከል እንዴት ይሆናል። ጋሼ በላቸው ሰጧቸው። በእያንዳንዱ ተኩስ ምንሽሩ ሲራገጥ ላኩ ይታየኝ ነበር፤ በእርግጥ ከዚያ ርቀት አይታይም፤ ግን በዚያ ሙቀት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ገብረ ማርያም ሦስት አግብተው አለፉ። መስቀላቸውን እየሳሙ ተመለሱ።

ከዚያ የጋሼ በላቸው ተራ ሆነ።

ጠመንጃውን አነሡት። ዝቅ አደረጉት። በአውራ ጣታቸው መስታወቱን ገፋ አድርገው፣ ጣታቸውን በካፖርታቸው ጠርገው እንደገና አነሡት። ላኩ መለስለሱ ገባኝ። እስክስታ እንደሚወርድ ሰው አንገታቸውን ወዲህ ወዲያ አደረጉ፤ ነጥቧን እየፈለጉ ነው። ወደ እኔ አላዩም።

"ተኩስ" አለ መቶ አለቃው።

ተኮሱ። አንዱ ገባ፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። የቀሩት ከዒላማው ጀርባ ካለው ቁልቁለት አቧራ አስነሡ። ጋሼ በላቸው መቀርቀሪያውን ከፍተው ባዶ መሆኑን አሳዩና በሥርዓት ወደ ተርታው ተመለሱ።

አያ ሰይድ ከተርታው ወጡ።

"ጓድ መቶ አለቃ፣ መነጽሯ የላላችው በእኛ ነው። እኔና ገብሬ ነን ያላላናት። እሱ ተኳሽ ነው፣ ወላሂ፣ ይደገምለት።"

"አንተ አልፈሃል?"

"አልፌያለሁ ጓድ።"

"ማለፍህን ካልወደድኸው እንነጋገርበት።"

አያ ሰይድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ልጆች አሏቸው። ጋሼ በላቸው እጅጌያቸውን ይዘው ወደ ተርታው መለሷቸው። "አብሽር አያ ሰይድ" አሏቸው፤ የእስላሙን የማጽናኛ ቃል በክርስቲያን አፋቸው። "አብሽር፣ ይቁሙ።"

መቶ አለቃው ቀጣዩን ጠራ።

ቀትር ላይ የመጋዘኑ ንብረት ክፍል ጠመንጃውን ተረከበ። ተረካቢው ሰውዬ መነጽሯን ሲያይ "ይቺ የእኛ ንብረት አይደለችም፣ ፍቱልኝ" አለ። ፈታኋት። ቀለበቱን አላላሁ፣ ላስቲኩን ፈታሁ፣ ሽቦውን ጠቀለልሁ። መስታወቱ ጋደል ብሎ በቀለጠ ላክ ውስጥ ቆሟል። ጋሼ በላቸው ካፖርቱንም አወለቁና አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ያለ ካፖርት ትከሻቸው ጠባብ ነበር።

ወደ ክፍላቸው ስንመለስ ወይዘሮ ወርቅነሽ ማንም ሳይነግራቸው ዕቃ እያወጡ ነበር። ድስት፣ ሰፌድ፣ አንድ ፍራሽ። ያስላሉ፣ "ይቅርታ" ይላሉ፣ ያወጣሉ። ሙሄዲን ፍራሹን ተቀብሎ ወደ መኪናው ወሰደ። አያ ሰይድ አጥሩ ጥግ ቆመው ወደ እኛ አይመጡም፣ አይሄዱም።

"ዘይኑዬ" አሉ ጋሼ በላቸው። "ይቺን ለአያ ሰይድ ግጠምላቸው።"

አያ ሰይድ ሰሙ። "አይሆንም። ወላሂ አልነካትም።"

"ምን ላድርጋት ታዲያ? ኩታበር ወስጄ በዱላዬ ላይ ልሰካት?"

"በላቸው፣ አታቃጥለኝ።"

"ለመስከረም ደግሞ እንፈትናለን ብለዋል። ያኔ ማን ያበድርዎታል?" አሉና የአያ ሰይድን ጠመንጃ ከትከሻቸው ላይ ራሳቸው አወረዱት። "ይኸው ልጁ እዚህ እያለ ያስተካክልልዎ። ከደሴ ሌላ ጊዜ አይወርድም፤ ሰው አይወድም።"

አያ ሰይድ ፊታቸውን አዞሩ።

ላኩን ከኪሴ አወጣሁ። ክብሪት ጭሬ አቀለጥሁት፤ አሮጌውን በምላጭ ጠርጌ አዲሱን አንጠበጠብሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ደስ ይለኝ ነበር ብዬ አሰብሁ፤ እሱንም እንደ ሌላ ሰው ሐሳብ አሰብሁት። ቀለበቱን አጠበቅሁ። መስታወቱን በጣቴ ደግፌ ይዣለሁ፤ እንዳይዘም አፈሙዙን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ጋሼ በላቸው ተንበርክከው በሁለት እጃቸው ያዙት።

በኮምቦልቻ ሙቀት ላክ ቶሎ አይደርቅም። ሙሄዲን ዕቃውን ጭኖ ጨርሶ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ወይዘሮ ወርቅነሽ ጋቢና ውስጥ ገብተዋል፤ ሳላቸው ከዚያ ይሰማል።

"ጋሼ፣ ይሂዱ ይልቅ። ሌላ ሰው ይይዝልኛል።"

"ግድየለም" አሉ። "ሲደርቅ ንገረኝ።"

እጃቸው ለአፍታም አልተነቃነቀም።